ጉባኤው ተዘጋ ሲባል ረቂቁ የት ይገባል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

አሜሪካ ካሉ አንባቢዎቻችን በየዓመቱ ከጃንዋሪ እስከ ጁን አጋማሽ የሚደርሱን ደብዳቤዎች ላይ አንድ ግራ መጋባት ይደጋገማል። የስቴታችን ምክር ቤት ተዘጋ ተባለ፣ ከዚያ ደግሞ ተሰበሰበ ተባለ፣ ታዲያ የቱ ነው እውነቱ? የሚል። ጥያቄው ትንሽ ይመስላል። ግን የኪራይ፣ የደመወዝ፣ የትምህርት ቤትና የመንጃ ፈቃድ ሕግ አብዛኛው የሚወጣው ዋሽንግተን ሳይሆን እዚያው ስቴት ውስጥ ነው፤ ሕጉ የሚያልፈው ወይም የሚወድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ በቀን መቁጠሪያው ነው። ስለዚህ ይህን እትም በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

«ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለተከራዮች ይጠቅማል የተባለ ረቂቅ ሕግ ነበር፤ እኔም አናፖሊስ ድረስ ሄጄ ኮሚቴው ፊት ተናግሬያለሁ። አፕሪል ላይ ‹ሳይኒ ዳይ ሆነ› አሉን። ረቂቁን ማንም አልተቃወመውም፣ ግን ድምፅም አልተሰጠበትም። አሁን የት ነው ያለው? በሚቀጥለው ዓመት ካቆመበት ይቀጥላል?»

አይቀጥልም፣ እህታችን። ይህን መጻፍ ደስ አይልም፤ ግን ቁርጡን ማወቅ ይሻላል። ሜሪላንድ ውስጥ ጉባኤው ሲዘጋ ድምፅ ያላገኘ ረቂቅ ሁሉ ያኔውኑ ይሞታል። በሚቀጥለው ጃንዋሪ አንድ የምክር ቤት አባል በአዲስ ቁጥር እንደገና ማቅረብ አለበት፤ ኮሚቴም ከዜሮ ይሰማዋል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፣ ምክር ቤት ሥራ የሚያቆመው በተለያየ መንገድ ነው። ለምሳ ወይም ለፓርቲ ምክክር ለሰዓታት ያርፋል፣ ይህ ምንም ለውጥ አያመጣም። ሌላው፣ ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሰጥቶ እንደሚነሳው ሁሉ፣ የሚመለስበትን ቀን ቆርጦ መነሳት ነው። ሳምንትም ሊሆን ይችላል፣ ሁለት ወርም። ያኔ ረቂቁ ባለበት ይቆያል፣ ሲመለሱ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ሦስተኛው እርስዎ የሰሙት ሳይኒ ዳይ ነው፤ የመመለሻ ቀን ሳይቆረጥ ጉባኤውን ጨርሶ መዝጋት። ዜና ላይ ሦስቱም «ምክር ቤቱ ተነሳ» ተብለው ስለሚነገሩ ሰው ቢደናገር አይፈረድበትም።

የሜሪላንድ ጉባኤ በጃንዋሪ ሁለተኛ ረቡዕ ተከፍቶ ለ90 ቀናት ይቀመጣል። ቅዳሜና እሑድም ይቆጠራሉ። በ2025 ጃንዋሪ 8 ተከፍቶ አፕሪል 7 እኩለ ሌሊት ላይ ተዘጋ፤ ቢቆጥሩት ልክ 90 ይሞላል። ሁለቱ ምክር ቤቶች በሦስት አምስተኛ ድምፅ እስከ 30 ቀን ሊያራዝሙት ይችላሉ፤ ግን እንደ ልብ የሚደረግ ነገር አይደለም። በጀቱ እስከ 83ኛው ቀን ካልጸደቀ አገረ ገዥው ራሱ ጉባኤውን የማራዘም ግዴታ አለበት፣ ያም ቢሆን በዋናነት ለበጀቱ ሲባል ነው። በ2020 ደግሞ በተቃራኒው፣ ኮቪድ ሲመጣ ጉባኤው ማርች 18 ቀን ከጊዜው በፊት ተዘጋ። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ እንዲህ ዓይነት ነገር ሆኖ አያውቅም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የመጨረሻዋ ሌሊት ናት። እኩለ ሌሊት ሲሞላ ፊኛና ብጥስጣሽ ወረቀት ከላይ ይዘንባል፣ አባላቱ ይተቃቀፋሉ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሰዓታት ግን ረቂቆች እየተሮጠ ይነበባሉ፤ ወረፋ ያልደረሰው ያልቃል። ማንም ሳይቃወመው የሞተ ረቂቅ ማለት ይሄ ነው። አንዳንዴ ኮሚቴው የዘገየው ሆን ብሎ ነው፤ «አልፈልገውም» ብሎ እጅ ከማውጣት ዝም ብሎ ቀኑን ማሳለፍ ይቀላል፣ በስም የሚመዘገብም ነገር የለም። ስለዚህ ረቂቁን ያቀረበው አባል ቢሮ አሁኑኑ፣ ጉባኤው ተዘግቶ ባለበት ጊዜ ደውሉ። በሚቀጥለው ዓመት በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያስገባው ጠይቁት። ዘግይቶ የገባ ረቂቅ ከመነሻው ወገቡ የተሰበረ ነው።

«ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ። የእኛ ምክር ቤት ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ ተዘጋ ተብሎ አፕሪል ላይ ደግሞ ሪችመንድ ውስጥ ሲከራከሩ አየሁ። ተዘግቶ እንዴት ተከፈተ? ልዩ ጉባኤ ነው?»

ልዩ ጉባኤ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ራሱ ያስቀመጠው የመመለሻ ጉባኤ ነው። መደበኛው ጉባኤ ከተዘጋ በኋላ ባለው ስድስተኛ ረቡዕ ይመለሳሉ። በ2025 ጉባኤው የተዘጋው ፌብሩዋሪ 22 ስለነበር፣ መመለሻው አፕሪል 2 ላይ ወደቀ።

ሲመለሱ አዲስ ረቂቅ አያቀርቡም። ሥራቸው አገረ ገዥው የመለሰውን ማየት ብቻ ነው። አገረ ገዥው ጉባኤው ሲዘጋ በእጁ ያሉትን ረቂቆች ለማየት 30 ቀን አለው፤ ይፈርማል፣ ቪቶ ያደርጋል (አልቀበልም ብሎ ይጥላል)፣ ወይም «ይህን አንቀጽ አሻሽሉልኝ» ብሎ ይመልሳል። ማሻሻያውን ለመቀበል ተራ አብላጫ ድምፅ ይበቃል። ቪቶውን ለመሻር ግን በሁለቱም ምክር ቤት ከሦስት ሁለት እጅ ያስፈልጋል። አልፎ የሄደው ብዙውን ጊዜ ጁላይ 1 ሥራ ላይ ይውላል።

በግሌ ይህን አሠራር ከብዙ ስቴቶች አሠራር አስበልጠዋለሁ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሕግ አውጪው ማንም ሳይጠራው፣ ሳይለምን፣ በራሱ ቀን ተመልሶ ለአገረ ገዥው መልስ መስጠት ይችላል። ቀጥሎ የቴክሳሱን ስታነቡ ልዩነቱ ይገባችኋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያ ጉባኤው በጎዶሎ ዓመት 30 ቀን፣ በሙሉ (ተጋማሽ ቁጥር ባለው) ዓመት 60 ቀን ነው። ግን የ30 ቀኑ በልማድ ይራዘማል፤ የ2025ቱም 46 ቀን ነበር። ደግሞ ሙሉ ዓመት ላይ ያላለቀ ረቂቅ በኮሚቴ ውሳኔ ወደ ጎዶሎው ዓመት ሊተላለፍ ይችላል። ከሜሪላንድ ጋር የሚለያያቸው የፖቶማክ ወንዝ ብቻ ነው፤ በረቂቅ ዕጣ ግን ሰፊ ርቀት አላቸው።

«ዳላስ ነኝ። በቴክሳስ ምክር ቤቱ በሁለት ዓመት አንዴ ብቻ ነው የሚሰበሰበው ይባላል። ታዲያ በ2025 ክረምቱን ሁሉ እዚያው ነበሩ። ደግሞ ገሚሶቹ ወደ ሌላ ስቴት ሸሹ ተባለ። ሕግ አውጪ ከሕግ ማውጫው እንዴት ይሸሻል?»

ይህ ጥያቄ ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፣ ታገሱኝ።

ቴክሳስ በጎዶሎ ዓመት ብቻ፣ ከጃንዋሪ ሁለተኛ ማክሰኞ ጀምሮ ቢበዛ ለ140 ቀናት ይሰበሰባል። እንዲህ በሁለት ዓመት አንዴ የሚሰበሰቡት የቀሩት ስቴቶች አራት ናቸው፤ ቴክሳስ፣ ኔቫዳ፣ ሞንታናና ሰሜን ዳኮታ። የ2025ቱ ጃንዋሪ 14 ተከፍቶ ጁን 2 ተዘጋ። ከዚያ በኋላ በራሳቸው ፈቃድ መመለስ አይችሉም። መጥራት የሚችለው አገረ ገዥው ብቻ ነው። ሲጠራቸውም ቢበዛ ለ30 ቀን ነው፤ የሚነጋገሩበትን ርእስም የሚመርጠው እሱ ነው። እሱ ያልጻፈውን ጉዳይ ሕግ አድርገው ማውጣት አይችሉም። 30 ቀኑ ሲያልቅ ግን በማግስቱ እንደገና ሊጠራቸው ይችላል፣ ስንት ጊዜ የሚል ገደብ የለበትም።

አሁን ይህን ከቪቶው ጋር አያይዙት። ጉባኤው ሲዘጋ አገረ ገዥው ረቂቆችን ለማየት 20 ቀን ይሰጠዋል። አብዛኛው ትልልቅ ረቂቅ የሚያልፈው በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሆነ ቪቶው የሚመጣው ሁሉም ሻንጣውን ይዞ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ነው። የሚሽረው ሰው የለም። በ2025 ጁን 22፣ ቀነ ገደቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አገረ ገዥ ግሬግ አቦት ቲኤችሲ የተባለ አስካሪ ንጥረ ነገር ያለባቸውን የካናቢስ ምርቶች የሚያግደውን ረቂቅ ቪቶ አደረጉ፣ ወዲያውም ልዩ ጉባኤ ጠሩ። ምክር ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ቪቶ የሻረው በ1979 ነው። ቴክሳስ ውስጥ አገረ ገዥው በወረቀት ላይ ደካማ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ እኔ አልስማማም። የመመለሻውን ቀንና ርእስ ብቻውን የያዘ ሰው ደካማ አይደለም።

ወደ ሽሽቱ ልምጣ። የቴክሳስ ተወካዮች ምክር ቤት 150 አባላት አሉት። ምልዓተ ጉባኤ የሚሞላው ከሦስት ሁለቱ፣ ማለትም 100 ሰው ሲገኝ ነው። አናሳው ወገን ከ50 በላይ አባል ካለውና ሁሉም ከቀሩ ምንም ነገር ድምፅ ሊሰጥበት አይችልም። ስቴቱ ውስጥ ከተገኙ ግን አፈ ጉባኤው አስይዞ ሊያስመጣቸው ስለሚችል ድንበር ይሻገራሉ። በኦገስት 2025 ዴሞክራቶቹ የምርጫ ክልሎች ካርታ እንደገና እንዳይሠራ ብለው ወደ ኢሊኖይና ሌሎች ስቴቶች ሄዱ። ለቀሩበት እያንዳንዱ ቀን 500 ዶላር ቅጣት አለ። የመጀመሪያው ልዩ ጉባኤ ኦገስት 15 ተዘጋ፣ አገረ ገዥው በዚያው ቀን ሁለተኛውን ጠሩ፣ አባላቱም ከቀናት በኋላ ተመለሱ። ካርታውም አለፈ። በ30 ቀን ጉባኤ ላይ መሸሽ ጊዜ ይገዛል እንጂ አገረ ገዥው እንደገና መጥራት እስከቻለ ድረስ አያሸንፍም።

ሽሽቱ ዛሬ የተጀመረም አይደለም። ዲሴምበር 1840፣ ኢሊኖይ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ፣ አብርሃም ሊንከን የሚባል ወጣት ተወካይ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር በመስኮት ዘሎ ወጥቷል። ያኔ የስቴቱ ባንክ በወርቅና በብር እንዳይከፍል የተሰጠው ፋታ ከጉባኤው መዝጊያ ጋር የተቆራኘ ነበር። ጉባኤው ከተዘጋ ባንኩ ሊወድቅ ነው። የሊንከን ወገን ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ፈልጎ ነበር፤ ግን ሳይዘሉ በፊት ስማቸው ተገኝተዋል ተብሎ ተመዝግቦ ስለነበር ዝላዩ አልጠቀመም። ጉባኤው ተዘጋ።

«አትላንታ አካባቢ ነኝ። የጆርጂያ ምክር ቤት 40 ቀን ነው የሚሰበሰበው ይላሉ። ጃንዋሪ ጀምረው አፕሪል ላይ ነው የጨረሱት። ሒሳቡ አልገባኝም።»

የሚቆጠረው የሥራ ቀን ስለሆነ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች አዳራሽ ገብተው የተቀመጡበት ቀን ብቻ ይቆጠራል። የኮሚቴ ቀን፣ የበጀት መስሚያ ሳምንት፣ ቅዳሜና እሑድ ከ40ው ውስጥ አይገቡም። በ2025 ጃንዋሪ 13 ጀምረው አፕሪል 4 የጨረሱት በዚህ ምክንያት ነው።

የትኛው ቀን እንደሚቆጠር የሚወስኑት ራሳቸው ናቸው። ሁለቱም ምክር ቤቶች በጋራ የሚያጸድቁት አንድ የውሳኔ ወረቀት አለ፤ በየትኞቹ ቀናት እንደሚሰበሰቡ፣ መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ እንደሚመለሱ ተዘርዝሮ ይቀመጣል። ይህን ወረቀት ፈልጋችሁ አትሙትና ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፉት። በተለይ 28ኛውን ቀን አክብቡበት። በዚያ ቀን መጨረሻ ከአንደኛው ምክር ቤት ወደ ሌላኛው ያልተሻገረ ረቂቅ ለዚያ ዓመት አለቀለት ማለት ነው። ብዙ ሰው ደውሎ የሚያስቸግረው 39ኛው ቀን ላይ ነው፣ ያኔ ግን ጨዋታው አልቋል። ጎዶሎ ዓመት ከሆነ ግን ረቂቁ ወደ ሙሉው ዓመት ስለሚሸጋገር ተስፋ አትቁረጡ።

በ1964 እዚያው ጆርጂያ ውስጥ ዴንማርክ ግሩቨር የተባለ ተወካይ የመዝጊያው ሰዓት እንዳይደርስ ብሎ ከላይኛው ሰገነት ተንጠልጥሎ የግድግዳውን ሰዓት ሊያቆም ሲታገል ሰዓቱ ወድቆ ተሰባበረ። ፎቶው ዛሬም አለ። ያኔም ጭቅጭቁ በምርጫ ክልል ካርታ ነበር።

«ፊላደልፊያ። የፔንሲልቬኒያ ምክር ቤትን ቀጥታ ስርጭት ከፍቼ ሳይ አንድ ሰው መዶሻ መታ፣ አንድ ነገር አነበበ፣ እንደገና መታ፣ አለቀ። አዳራሹ ባዶ ነበር። ይህ ሕጋዊ ነው?»

ሕጋዊ ነው። የስቴቱ ሕገ መንግሥት አንደኛው ምክር ቤት ያለ ሌላኛው ስምምነት ከሦስት ቀን በላይ ሥራ ማቆም አይችልም ይላል፤ ሌሎች ብዙ ስቴቶችም ይህ አላቸው፣ የፌዴራሉ ኮንግረስም እንዲሁ። ዓላማው ጥሩ ነው። አንዱ ወገን ጥሎ ሄዶ ሌላውን ሥራ ፈት እንዳያደርገው ነው።

ስምምነቱን የሚያገኙት በጋራ የውሳኔ ወረቀት ነው። «ተወካዮች ምክር ቤቱ በዚህ ሳምንት ሲነሳ በዚህ ቀን ይመለሳል፣ አፈ ጉባኤው ቀደም ብለው ካልጠሩ በስተቀር» ተብሎ ይጻፋል፤ ለሴኔቱም እንዲሁ። ያቺን የመጨረሻ ሐረግ ልብ በሏት። ቀኑ በድንጋይ ላይ አልተጻፈም፣ መሪዎቹ ሊያሳጥሩት ይችላሉ። ስምምነቱ ካልተገኘ ወይም ካልተፈለገ ደግሞ እርስዎ ያዩት ዓይነት አጭር ስብሰባ በየሦስት ቀኑ ይደረጋል። ድምፅ የሚሰጥበት ነገር የለም፣ ስለዚህ «ምልዓተ ጉባኤ አልሞላም» ብሎ የሚያስቆም ሰው አይኖርም።

ባዶ አዳራሹ ራሱ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ «ዛሬ ድምፅ የለም» ተብሎ ሰው ከቀረ በኋላ ድምፅ ሲሰጥ ነው። ሴፕቴምበር 11፣ 2019 ጠዋት፣ ሰሜን ካሮላይና ውስጥ፣ ግማሽ ያህሉ አባላት በሌሉበት ተወካዮች ምክር ቤቱ የአገረ ገዥውን የበጀት ቪቶ 55 ለ9 ሻረ። ዴሞክራቶቹ ጠዋት ድምፅ አይኖርም ተብለን ነበር አሉ፣ ሪፐብሊካን መሪዎቹ አላልንም አሉ። ማንም ትክክል ይሁን፣ የሚሊዮኖች በጀት እንዲህ ባለ ጠዋት መወሰን የለበትም ብዬ አምናለሁ። ሴኔቱ ሳይከተል ስለቀረ ሽረቱ ሳይጸና ቀረ።

«ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ። አንዳንድ ዓመት እሑድ ሌሊት፣ አንዳንድ ዓመት ሰኞ ሌሊት ነው ‹ቀነ ገደብ› የሚሉት። የቱ ነው?»

ሁለቱም። ሕገ መንግሥቱ ከሜይ ሦስተኛ ቅዳሜ ቀጥሎ ካለው ሰኞ በኋላ መሰብሰብ አይቻልም ይላል። ግን የሁለት ዓመቱ ጉባኤ በሚዘጋበት በመጨረሻው ቀን ረቂቅ ማጽደቅ ክልክል ነው። ስለዚህ በሙሉ ዓመት እሑድ እኩለ ሌሊት፣ በጎዶሎ ዓመት ሰኞ እኩለ ሌሊት ነው። በ2025 በጀቱ ሰኞ ሳያልቅ ቀርቶ ጁን 9 በልዩ ጉባኤ ተመልሰው ጨረሱት። ሚኒሶታ ውስጥም የሚጠራው አገረ ገዥው ነው፤ ልዩነቱ ከተጠሩ በኋላ መቼ እንደሚዘጉም ሆነ በምን ላይ እንደሚነጋገሩ የሚወስኑት እነሱ መሆናቸው ነው። ለዚህ ነው አገረ ገዥዎቹ ከመጥራታቸው በፊት ከመሪዎቹ ጋር በጽሑፍ የሚስማሙት።

«ዴንቨር። በኮቪድ ጊዜ ምክር ቤቱ ተዘግቶ ቆይቶ ተመልሶ ሕግ አወጣ። 120 ቀኑ አላለፈም ነበር እንዴ?»

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የኮሎራዶ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም ተከፋፍሎበታል። ማርች 14፣ 2020 ሥራ ሲያቆሙ 120ው ቀን ተከታታይ ነው ወይስ አይደለም ብለው ፍርድ ቤቱን ጠየቁ። ፍርድ ቤቱ አፕሪል 1 ቀን፣ 4 ለ3፣ የታወጀ የጤና አደጋ ሲኖር መቆጠር ያለበት የተሰበሰቡበት ቀን ብቻ ነው አለ። ሜይ 26 ተመልሰው ጁን 15 ጨረሱ። በሌላ ጊዜ ግን ቀኑ ሳይቋረጥ ይቆጠራል።

«ሲያትል ነኝ። ሕጉ ጸድቋል፣ ተፈርሟል፣ ግን አሠሪዬ ‹ገና ነው› ይለኛል። ያታልለኛል?»

ላያታልልዎ ይችላል። በዋሽንግተን ስቴት የተለየ ቀን ያልተጻፈበት ሕግ የሚጀምረው ከፊርማው ሳይሆን ጉባኤው ከተዘጋ ከ90 ቀን በኋላ ነው። በ2025 ጉባኤው አፕሪል 27 ተዘጋ፣ ስለዚህ ሕጎቹ ጁላይ 27 ጀመሩ። አስቸኳይ የሚል አንቀጽ ያለባቸው ቀደም ይላሉ፣ የራሳቸው ቀን የተጻፈባቸውም አሉ፤ ከበጀት ጋር የተያያዙት ብዙውን ጊዜ ጁላይ 1 ናቸው። የሕጉን ቁጥር ይዘው የመጨረሻውን ገጽ ይክፈቱ። የሚጀምርበት ቀን ካለ እዚያ ታች ላይ ነው የሚገኘው፣ አትመው ለአሠሪዎ ይስጡት።

ቀሪዎቹን ደብዳቤዎች በሚቀጥለው እትም እንመልሳለን። ስትጽፉልን የምትኖሩበትን ስቴትና የረቂቁን ቁጥር አትርሱ፣ ያለ እሱ ትክክለኛ መልስ መስጠት ያስቸግረናል።